አባቴ አልጋ ያልተከራዩባት ከተማ

የጉዞው ዕቅድ የእኔ ነው፤ ምኞቱ ግን የአባቴ ነው። አባቴ ሾላ ገበያ በርበሬና ቅመም የሚነግዱ የስልጤ ሰው ናቸው። በየዒዱ ምሳ ተበልቶ ትራሳቸውን ደገፍ ሲሉ “አያቶቻችን እኮ ከሐረር ነው የወጡት” ብለው ይጀምሩ ነበር። እኛ ልጆቻቸው እርስ በርስ እየተያየን እንስቅ ነበር፤ ምክንያቱም ሐረርን በዓይናቸው አይተዋት አያውቁም ነበር። ወደ ምሥራቅ ርቀው ሄዱ ከተባለ ናዝሬት ነው፤ ለዚያውም በርበሬ ሊገዙ።

አንድ ዓመት ግን ሳቁ ቀረ። የግራ ዓይናቸው ጨርሶ ጠፋ። ሐኪሙ ቀኙን አይቶ “የሄደው አይመለስም፤ የቀረውም ብዙ አይቆይም” አለኝ። እኔ መንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ጣቶቼ የጽሕፈት መኪናው ላይ ይሮጣሉ እንጂ ልቤ ሐረር ነበር። አባቴ የቀረቻቸው ብርሃን ሳትሄድ ያቺን ከተማ ማየት አለባቸው ብዬ ቆረጥኩ።

መቁረጡ ቀላል ነው፤ የታይፒስት ደመወዝ ግን ሐረር ድረስ የሚዘረጋ አይደለም። አብራኝ የምትሠራ ጓደኛዬ አለማያ ኮሌጅ የተማረ ወንድም አላት። እሱን ጠይቃ መጣችልኝ። ከሐረር ወዲህ አለማያ ሐይቅ ዳር አንድ የገጠር ሆቴል አለ፤ ሁለት አልጋ ያለው ክፍል በአራት ብር ያከራያል፤ ከዚያ ሐረር ቅርብ ነው፣ መኪናም አይጠፋም። ደስታዬ ወሰን አጣ። ለአባቴ ለመንገር ግን ፈራሁ፤ ከተማዋ ውስጥ ካላደርን ይሉኛል ብዬ ነው።

“ሆቴሉ ከግንቡ ውጪ ነው?” አሉኝ።

“ውጪ ነው አባባ። ራቅ ይላል፣ ግን…”

“እንዲያማ ከሆነ ጥሩ ነው” አሉና በርበሬያቸውን ማበጠር ቀጠሉ። ለኪሴ ያዘኑልኝ መሰለኝ።

ቀጥሎ ቀበሌ ሄድን። ያለ ይለፍ ወረቀት ከኬላ አይታለፍም። ጸሐፊው ልጅ እግር ጓድ ነው፤ የጉዞውን ምክንያት ጠየቀ። አባቴ “ዘመድ ጥየቃ” አሉ።

“የዘመድዎ ስም?”

አባቴ ትንሽ አሰቡ። “እሱን እዚያው ስንደርስ ነው የምናውቀው።”

ጸሐፊው ብዕሩን ከወረቀቱ አንሥቶ እኔን አየኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። “አባባ፣ ስሙን የማያውቁትን ዘመድ እንዴት ብለው ሊጠይቁ ነው?”

“አንተ ብቻ ጻፍልኝ። ስመለስ ስሙን አመጣልሃለሁ።”

ልጁ እየሳቀ ማኅተሙን መታልን።

ከሃያ ሁለት እስከ አዋሽ

ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ሃያ ሁለት ማዞሪያ ላይ አንድ ሰይቼንቶ ታክሲ አገኘን። ባለታክሲው የአባቴን ጭነት ሲያይ ጥሎን ሊሄድ ምንም አልቀረውም። እኔ የያዝኩት አንዲት ቦርሳ ነው። አባቴ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮና አፏ በቆዳ የተለጎመ ቅል ሙሉ ቅቤ ይዘዋል።

“አባባ፣ ሐረር ላይ ማን ቆጮ ይበላል?”

“ታዲያ ባዶ እጄን ዘመድ ቤት ልግባ?”

“የትኛው ዘመድ?”

“ግቡ የሚለን።”

ከአባቴ ጋር መከራከር ገለባ መውቃት ነው፤ ተውኩት። አውቶቡስ ተራ ስንደርስ ግን አንድ ነገር በዘዴ ሠራሁ። ተሽቀዳድሜ በቀኝ በኩል የመስኮቱን ወንበር ያዝኩላቸው። የምታየው ዓይናቸው የቀኟ ናት፤ በግራ ቢቀመጡ አገሩ ሁሉ ሳያዩት ያልፍ ነበር። ሲቀመጡ ገባቸው መሰለኝ እጄን ጨበጥ አድርገው ለቀቁኝ።

ናዝሬት ላይ ሻይ ጠጥተን ፓስቲ በላን። ከዚያ ወዲያ ያለው አገር ለሁለታችንም አዲስ ነው። መተሐራ ላይ እሳተ ገሞራ የተፋው ድንጋይ እስከ መንገዱ ጫፍ ድረስ ጥቁር ሆኖ ተዘርግቷል፤ አጠገቡ ደግሞ ሐይቁ ያብረቀርቃል። እኔ ደስታዬ ስለሚያንቀለቅለኝ “አባባ ይኸውልዎት፣ ያውልዎት” እያልኩ አላስቀምጥ አልኳቸው።

“አትንገሪኝ” አሉ። “ሲያቅተኝ እጠይቅሻለሁ።”

አዋሽን ስንቃረብ ሙቀቱ አየለ። ቅቤው ቀለጠ፤ ሽታውም አውቶቡሱን ሞላው። ከኋላችን የተቀመጡ ሴትዮ “ዛሬ አናታችን ሳይቀባ ሊለሰልስ ነው!” ብለው አሳቁብን። አባቴ ቅሏን ጉልበታቸው ላይ እንደ ሕፃን ታቅፈው ከሁሉም በላይ እሳቸው ሳቁ።

ኬላው ላይ ሁላችንም ወረድን። ወታደሩ ይለፋችንን አይቶ ዓይኑ ቅሏ ላይ ቀረ። “ይኼ ምንድን ነው?”

“ቅቤ ነው ልጄ።”

“ወደ ሐረር? ኮንትሮባንድ ከዚያ ወደዚህ ነው የሚመጣው አባባ። ወደዚያ ሲሄድ የእርስዎን ገና አሁን ማየቴ ነው” ብሎ አሳለፈን።

ሌሊቱን አሰበ ተፈሪ አደርን። በማታ መንገድ ስለማይኬድ አውቶቡሱ እዚያ ያድራል። ከሙስሊም ምግብ ቤት ሩዝ በፍየል ሥጋ ለሁለት በላን፤ ብርዱ ግን ከአዋሽ ሙቀት በኋላ አጥንት ይሰብራል። በማግሥቱ የጨርጨርን ተራሮች እየተጠማዘዝን ወጣን። የማሽላውና የጫቱ እርከን ከግርጌ እስከ አናት እንደ ደረጃ ተደራርቧል። ቁልቢን አልፈን ትንሽ እንደሄድን ከታች ሰፊ ውኃ ብቅ አለ። ሳላስበው ከወንበሬ ተነሥቼ “ሹፌር፣ ወራጅ አለ!” ብዬ ጮህኩ። ሆቴሉ ገና ነበር። ተሳፋሪው ሳቀብኝ፤ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ።

ሐይቅ ዳር

ሆቴሉ ከድንችና ከጫት ማሳ መካከል የቆመ፣ በሮቹ ሰማያዊ የተቀቡ የቆርቆሮ ቤት ነው። ከጓሮው በቀጥታ ሐይቁ ይታያል፤ ወፉ ለጉድ ነው። ባለቤቱ ደጀኔ የሚባል ሽርጥ ያገለደመ ጎልማሳ፣ እጆቹን ዘርግቶ መጣ።

“አቦ፣ ግባ! ደከመህ?”

ዞር ብዬ አየሁ፤ ከአባቴ በቀር ማንም የለም። አባቴን አንተ ማለቱ ነው! በቤታችን እንኳን እኔ፣ ያገባ ወንድሜም አባቴን አንተ ብሎ አያውቅም። ፊቴ መለዋወጡን አይቶ ደጀኔ ሳቀ።

“ከሸዋ ነው የመጣሽው፣ አይደል? እዚህ አንቱ የለም እናቴ። አንቱ ካልኩት ተጣልተናል ማለት ነው።”

አባቴ ደስ አላቸው። “ተያት፤ ከተወለድኩ ጀምሮ እንዲህ ወጣት ሆኜ አላውቅም” አሉ።

ክፍላችን ንጹሕ ነው። ሁለት የሽቦ አልጋ፣ አንድ ፋኖስ፣ አንድ ባልዲ ውኃ። ደጀኔ ከሐይቁ የወጣ ዓሣ ጠብሶ በዳቦ አቀረበልን። የዚያን ዕለት ደስታዬን ምን ልበላችሁ! ዕቅዴ ሁሉ ሠምሯል፤ ኪሴም ገና አልጎደለም። እንዲያውም ከጠበቅኩት በላይ ስለተረፈኝ “አባባ፣ አንዱን ቀን እዚያው ግንቡ ውስጥ ክፍል ተከራይተን ብናድርስ?” አልኳቸው።

ዳቧቸውን አስቀመጡ። “አይሆንም።”

“ለምን? እችላለሁ እኮ!”

“የአባቶቼ አገር ነዋ። በአባት አገር አልጋ ተከራይቶ አይታደርም። ሰው በገዛ ቤቱ ኪራይ ይከፍላል እንዴ? ግባ ያለኝ ካለ አድራለሁ። ከሌለ ቀን ቀን አይቼ ማታ ማታ ወደዚህ እመለሳለሁ። እዚህ እንግዳ ነኝ፤ እከፍላለሁ።”

“ግባ የሚል ከሌለስ? ማንንም አያውቁም እኮ። ዝም ብለው አንዱን በር ቢያንኳኩስ?”

“ግባ ሳይባል የሚገባ ጅብ ነው።”

ደጀኔ ከጓዳ ሰምቶ “አቦ፣ ሐረር ላይ ለጅብም በግንቡ ሥር በር ተሠርቶለታል!” አለና ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ለካ “ከግንቡ ውጪ ነው?” ያሉኝ ለኪሴ አዝነው አልነበረም። ቅሏና ቆጮውም ቀልድ አይደሉም። አባቴ ሐረርን ለማየት ብቻ አልመጡም፤ ሐረር ግቡ እንድትላቸው ነው የመጡት። የተሰጠኝ ፈቃድ አጭር ነው፤ ሐረር የምንውለው ሁለት ቀን ብቻ ነው።

ሸዋ በር

በማግሥቱ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ተጣብበን ሐረር ገባን። አባቴ የትኛው በር ቅርብ እንደሆነ እንኳን አልጠየቁም። “ከሸዋ የመጣ ሰው በሸዋ በር ነው የሚገባው” አሉ። በሩ ሥር ሲደርሱ ጫማቸውን ከአቧራ አራገፉ፣ ቢስሚላህ አሉ፣ መዳፋቸውን ግንቡ ላይ አሳርፈው ገቡ።

እንዴት ያለች ከተማ ናት! መንገዱ እየጠበበ፣ እየጠበበ ሄዶ ሁለት ሰው ማሳለፍ ያቅተዋል። ግድግዳው አንዱ ጋ ነጭ፣ አንዱ ጋ አረንጓዴ፣ አንዱ ጋ የሰማይ ቀለም ነው። በአንደኛው ጎዳና ልብስ ሰፊዎቹ መኪናቸውን ደጅ አውጥተው ሲያንቀጨቅጩ ጆሮ አይሰማም። ሴቶቹ ቢጫና ሐምራዊ ለብሰው ቅርጫት በራሳቸው ተሸክመው ያልፋሉ። እኔ አፌን ከፍቼ እሄዳለሁ። አባቴ ራሳቸውን ወደ ግራ ዘንበል አድርገው በቀኝ ዓይናቸው እያንዳንዱን በር ያያሉ፤ ሲያልፉም ግድግዳውን በጣታቸው ይዳብሳሉ።

ደጅ ለተቀመጠ ሽማግሌ ሁሉ ሰላምታ ይሰጣሉ። ሁሉም “ወአለይኩም ሰላም” ብሎ ፈገግ ይላል፤ አንዱ መንገድ ያሳያል፣ አንዱ ውኃ ያጠጣል። ግቡ ያለ ግን የለም። ማንስ ቢሆን ለምን ይላል? እኛ ሃያ ሁለት ላይ መንገደኛውን ሁሉ ግባ እንላለን እንዴ? ቆጮውን እኔ ተሸክሜ፣ ቅሏን እሳቸው ታቅፈው ስንዞር ዋልን። ሲመሽ ቅሏም ቆጮውም አብረውን ወደ ሐይቁ ዳር ተመለሱ።

ደጀኔ ያልተነካውን ጭነት አይቶ ነገሩ ገባው። አባቴ ለሶላት ገባ ሲሉ ጠጋ አለኝ። “ስሚኝማ። እዚያ የማውቀው ሰው አለ። አምስት ብር ስጪው፤ ዘመዴ ናችሁ ብሎ ያስገባችኋል። አባትሽ ምን ያውቃል?”

እውነቴን ነው፣ ልቤ ዘለለ። ለአንድ አፍታ አባቴን እዚያ ቤት ውስጥ፣ በደስታ ሲያለቅሱ አየኋቸው። ወዲያው ግን ሾላ ትዝ አለኝ። አባቴ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ በርበሬ የሚገዙት አሽትተው ነው፤ ባዕድ ነገር የተቀላቀለበትን ከጆንያው ሳይወጣ ያውቁታል። “እሳቸው ጋ የተቀላቀለ ነገር አያልፍም” አልኩት።

“አቦ፣ አንቺም ልክ እንደሱ ነሽ” አለና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

በሁለተኛው ቀን ከረፋዱ ጀምሮ ዞርን። ከሰዓት በኋላ አባቴ ደከሙ። ወደ ግድግዳው ተጠግተው ሲራመዱ በግራቸው ያለውን ደረጃ ሳያዩት አደናቀፋቸውና ሊወድቁ ሲሉ ያዝኳቸው። ቅሏ አልተሰበረችም፤ እኔ ግን ተሰበርኩ።

“በቃ አባባ!” አልኩ በጩኸት። “ማንም አያውቀንም! ይኼን ቆጮ ለአንዱ ሰጥተን እንሂድ! አይተዋታል፣ አይበቃም?”

አባቴ ሲቆጡ አማርኛ ይጠፋቸዋል። ሰፈሩ እስኪሰማ በስልጥኛ መለሱልኝ። እኔ አማርኛ ይቀናኛል እንጂ የሚሉትን ሁሉ እሰማለሁ። “ቤት የሚከፍተው የቤቱ ባለቤት ነው!” አሉ። “ደጅ ቆሞ መጠበቅ የልጅ ወግ ነው። ልጅ በአባቱ ደጅ ቢቆም ምን ነውር አለው?”

ከጀርባችን ያለው በር ተከፈተ። ቀጠን ያሉ፣ ብርቱካናማ ሻሽ ያሰሩ አሮጊት ብቅ አሉና አባቴን ከእግር እስከ ራስ አዩዋቸው።

“ምንድን ነው የምታወራው? የኛን ቋንቋ ትመስላለች፣ የኛ ደግሞ አይደለችም። ግማሹን ሰማሁት፣ ግማሹን ገመትኩት።”

አባቴ ወደ በሩ ዞሩ። “ስልጥኛ ነው” አሉ። “ከሸዋ በታች ነው አገራችን። አባቶቻችን ግን ከዚህ ወጡ ሲባል ሰምቼ ነው ያደግኩት።”

“መቼ ወጡ?”

“አላውቀውም። የጥንት ነው። ቅድመ አያቴም ሲወራ ሰማ እንጂ አላየም።”

ሴትየዋ ወገባቸውን ያዙ። “ታዲያ እስካሁን የት ቆየህ?”

 የአባቴ እንባ ከሚያየውም ከማያየውም ዓይናቸው እኩል ወረደ። ሴትየዋ እጃቸውን ያዙና “ና ግባ፤ ደረጃውን ተጠንቀቅ” አሉ። እኔንም “አንቺስ ምን ትጠብቂያለሽ?” አሉኝ።

ግቡ የተባልንበት ቤት

ስማቸው እማማ ሩቂያ ነው፤ ባላቸው ሞተው ከልጃቸውና ከምራታቸው ጋር ይኖራሉ። ሳሎኑ እንደኛ ቤት ወንበርና ጠረጴዛ የለውም። ወለሉ ራሱ ከፍና ዝቅ ያለ መደብ ነው፤ ምንጣፍ ለብሷል፤ ግድግዳው ሙሉ በሙሉ ቀለም የበዛበት የስፌት ሰሃንና የሸክላ ሳህን ነው። አባቴ ጫማቸውን አውልቀው ገና በሩ ላይ ቆመው “ይኼን ምን ትሉታላችሁ?” ብለው በእጃቸው ቤቱን አሳዩ።

“ጋር” አሉ እማማ ሩቂያ።

“እኛም ጋር ነው የምንለው!” አሉ አባቴ፤ ወደኔ ዞረው “ሰማሽ? ሰማሽ?” እያሉ እንደ ልጅ ፈነጠዙ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱን ማስቆም አልተቻለም። ዕቃ እያነሡ ስሙን ይጠያየቃሉ፤ አንዱ ሲገጥም ያጨበጭባሉ፣ አንዱ ሳይገጥም ሲቀር ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይከራከራሉ። ከቡና ገለባ በወተት የሚፈላውን ሆጃ ጠጣን። ቆጮው ተፈታ። እማማ ሩቂያ ቀመሱና ፊታቸውን አኮሳተሩ። “ይኼማ የኛ አይደለም” አሉ፤ ቅቤውን ሲያሸቱ ግን “ይኼኛው የኛ ነው” ብለው ቅሏን ወደ ጓዳ አስገቡ።

አመሻሽ ላይ ወደ ሆቴላችን እንሂድ ስል “ሆቴል? የምን ሆቴል?” አሉኝ እማማ ሩቂያ። እንደ ስድብ ነው የቆጠሩት። አባቴ ሲስቁ አየኋቸው።

ከፍ ያለው መደብ ላይ ለአባቴ አነጠፉላቸው። ምራቲቱ መብራቱን ልታጠፋ ስትል አባቴ እጃቸውን ዘረጉ። “ልጄ፣ ቅር ካላለሽ ዛሬ አታጥፊብኝ። እያየሁ ልተኛ።” በቀኝ ጎናቸው ሳይሆን በግራቸው ተኝተው፣ የምታየዋን ዓይን ወደ ግድግዳው አድርገው፣ ሰሃኖቹን አንድ በአንድ ሲያዩ እንቅልፍ ወሰዳቸው። መብራቱን ማንም አላጠፋውም።

መልስ

ጠዋት ስንወጣ እማማ ሩቂያ ቅሏን አጥበው፣ ለውዝ ሞልተው፣ ቆዳዋን መልሰው አስረው ሰጡን። ባዶ ዕቃ ለዘመድ አይመለስም፤ በኛም ቤት ደንቡ ይኸው ነው። አባቴ ቅሏን ነቅነቅ አድርገው ድምጿን ሰሙና ደረታቸው ላይ አስጠጓት። አለማያ ላይ ደጀኔ ያላደርንበትን ቀን ሒሳብ አልቀበልም ብሎ ተጣላን፤ በመጨረሻ አንድ እፍኝ ለውዝ ተቀብሎ ታረቀን። እኔም በደስታዬ ብዛት “ቻው ደጀኔ፣ አንተ!” አልኩት።

አዋሽ ላይ ፍተሻው እንደመጣንበት ቀላል አልነበረም። ሻንጣው ሁሉ ተዘረገፈ። አንዱ ወታደር ቅሏን ከፍቶ እጁን ጨመረ። አባቴ “ውሰድ ልጄ፣ ውሰድ። ሐረር ያሉ ዘመዶቼ የሰጡኝ ነው” አሉት። ከሰው ሁሉ ፊት ጮክ ብለው ነው ያሉት።

ሃያ ሁለት እንደደረስን ቤት ከመግባታቸው በፊት ቀበሌ ካልሄድን አሉ። ጸሐፊው ሲያያቸው አስታወሳቸው። “እህ አባባ፣ ስሙን አመጡ?”

“ሩቂያ” አሉ አባቴ። “ጻፈው።”

ርካሽ ሆቴል መፈለጌ ጥሩ ነበር፤ አሁንም ወደ ሐረር ለሚሄድ ሰው ሁሉ የሐይቁን ዳር እነግራለሁ። ግን ከዚያ ጉዞ የተማርኩት ሌላ ነው። እኔ አባቴ ከተማዋን ቢያዩ ይበቃቸዋል ብዬ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ደጇ ላይ መቆምን ያውቁ ነበር።

አሁን የቀኟም ዓይን ሄዳለች። አባቴ ሱቃቸው ውስጥ ተቀምጠው ሐረርን ለጠየቃቸው ሁሉ ያቺን ሳሎን ከነሰሃኖቿ ይተርካሉ፤ ማንም የሚስቅባቸው የለም። ዒድ በመጣ ቁጥር ቅሏን ቅቤ ሞልተን በሐረር አውቶቡስ ሹፌር እንልካለን። ስትመለስ ማንም እንዲከፍታት አይፈቅዱም። ቆዳዋን ራሳቸው ፈትተው እጃቸውን ያስገቡና የተላከላቸውን በጣታቸው ይለያሉ፤ እስካሁን አንድም ጊዜ ባዶዋን አልተመለሰችም።